ለአያ ታከለ ያለቀስሁ ዕለት

ድንጋጤ ሰው ይገድላል ሲባል የወሬ ማድመቂያ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ እኔን ሊገድለኝ ጥቂት ነበር የቀረው። አሁንም ቢሆን ልጆቼ «አባ፣ ና እንውጣ» ሲሉኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ሚስቴ ያለምወርቅ «አንተ ሰውዬ፣ አሁንስ አበዛኸው» ትለኛለች። ትበል! እሷም እኮ ከእነሱ ጋር ነበረች።

ያን ቀን ለምን እንደዚያ እንደሆንሁ እንዲገባችሁ ከሥራዬ መነሳት አለብኝ። ስሜ ደሴ ነው፤ እስራኤል አገር የቅርያት መላኪ ነዋሪ ነኝ፤ ግንበኛ ነበርሁ። ግንበኛ ስል አዲስ ቤት የምሠራ እንዳይመስላችሁ። የእኔ ሙያ የድሮ ግንብ መጠገን ነው፦ የፈረሰ ቅጥር፣ የተሰነጠቀ ቅስት፣ ስንት መንግሥት አልፎበት ጎኑ የተቦረቦረ ምሽግ። ነገሥታቱ ገንብተው ሞቱ፤ እኛ የእነሱን ስንደግፍ ጡረታ ወጣን።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት መርጬ አይደለም። ከጎንደር እንደመጣሁ በመጀመሪያ የሠራሁት ቤኤር ቱቪያ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ነው፤ ካርቶን ስደረድር እውል ነበር። አለቃችን «ያላ፣ ቶሎ በሉ» ከማለት ሌላ ቃል የሚያውቅ አይመስልም፤ ሰላምታውም ያላ፣ ቁጣውም ያላ፣ ስንብቱም ያላ። አንድ ጠዋት አንድ ቀብላን፣ ሥራ ተቋራጭ ማለት ነው፣ በፒክአፕ መጥቶ ድንጋይ መሸከም የሚችል ሰው ፈለገ። ካርቶን የሰለቸው ሰው ምን ይላል? ዘልዬ ወጣሁ። ደሞዙ ከመጋዘኑ አይሻልም፤ አየሩ ግን ይሻል ነበር።

መኪናው ያወረደን አያ ታከለ ፊት ነው። አያ ታከለ የግንበኞቹ ኃላፊ ነበር፤ ቤቱ ያቭነ ከተማ፣ አገሩ የእኛው ጎንደር፣ በዕድሜ ታላቄ፣ ቀጭን፣ ቁጡ። ከየት መጣህ አላለኝም፤ ዘመዶችህ እነማን ናቸው አላለኝም፤ ጎንደሬ ሆኖ! ከክምሩ አንድ ጭብጥ አሸዋ አንሥቶ ወደ አፌ አስጠጋው።

«ቅመስ» አለኝ።

አዲስ ሰው ላይ የሚቀልድ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። የሚስቅ የለም።

«አያ፣ አሸዋ ልበላ?»

«ብላ አልወጣኝም፤ ቅመስ ነው ያልሁህ። ይኸው ስቀምስ ኖሬ፣ ሞትሁ?»

በምላሴ ነካሁት። ጨው ጨው አለኝና ተፋሁት።

«ይኸ ከባሕሩ ዳርቻ የተዛቀ ነው» አለ። «ጨው ያለበት አሸዋ ግንብ ውስጥ ከገባ ድንጋዩን ከውስጥ እየፈረፈረ ይበላዋል። ዛሬ አያሳይህም። አንተ ሥራህን ጨርሰህ ከሄድህ በኋላ ነው ጉድህን የሚያወጣው።» ከዚያ ዞሮ አሸዋውን ባመጣው ሾፌር ላይ ጮኸበት፤ አሸዋው እንደተጫነ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልቀምስ ያቦካሁት አሸዋ የለም። ያለምወርቅ «ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ዶሮ?» ትለኝ ነበር።

አያ ታከለ በቃል አያስተምርም፤ ቁመህ ታያለህ። ኖራውን ጉድጓድ ውስጥ በውኃ ያበርደዋል፤ ውኃ ሲነካው እንደ ወጥ ይንተከተካል። ከዚያ ውኃ እንደተኛበት ይከደናል፤ ክረምት አልፎ ክረምት እስኪመጣ ማንም አይነካውም። ቀብላኑ ሲቸኩል «ኖራ ሲያጣድፉት ይቀየማል» ይለዋል በአማርኛ፤ ሰውዬው ምን እንደተባለ ባይገባውም ይተወዋል። ድንጋዩንም ውኃ ሳያጠጣ አያስቀምጥም። የጠማው ድንጋይ የኖራውን ውኃ ይመጥጥበትና ኖራው አፈር ሆኖ ይቀራል። በሁለት ትልልቅ ድንጋይ መካከል ክፍተት ሲያይ በኖራ ብቻ ዝም ብሎ አይደፍነውም፤ ልኩ የሆነ የድንጋይ ስንጣሪ ፈልጎ፣ በመዶሻ ጠርቦ፣ ጠቅ ያደርገዋል። አንድ ስንጣሪ ፍለጋ ግማሽ ቀን ሲዞር አይቼዋለሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ግንቡ ላይ ለጥፎ፣ በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ ያደርጋል። ውስጡ ባዶ ከሆነ ይሰማዋል። እኔ ለብዙ ጊዜ የሚሰማኝ ኳ ኳው ብቻ ነበር።

አንድ ክፉ አመል ነበረው፤ ምስጋና አይወድም። ጎብኚ መጥቶ «ኮል ሃካቮድ» ሲለው ውኃ የሚጠጣ መስሎ ይሄዳል። ራሱም አያመሰግንም። እኔ ስንት ዓመት አብሬው ሠርቼ ከአፉ የወጣልኝ ትልቁ ምስጋና «አይወድቅም» የምትል ናት። እሷንም የተናገራት ፊቱን አዙሮ ነው።

አሁን ወደ ደሴቷ ልምጣ። ከያቭነ ወደ ባሕሩ ወረድ ሲሉ ውኃው ውስጥ አንድ ጥቁር አለት አለ፤ በላዩ የድሮ ምሽግ ተቀምጧል። ከመሬት የሚያገናኘው ቀጭን የድንጋይ መንገድ ነው፤ ማዕበል ሲነሳ መንገዱን ውኃ ይሸፍነዋል፣ ምሽጉም ለብቻው ባሕር መካከል ይቀራል። ማን እንደሠራው አስጎብኚዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። እኛ ሠራተኞቹ ደሴቷ ነው የምንላት። ከሥራ ዘመኔ ብዙው ያለፈው እዚያ ነው። የከፋው ቀንም እዚያ ነው የደረሰው።

አዲስ አለቃ መጣብን። እንግዶች የሚመጡበት ምረቃ ነበረና ከክረምቱ በፊት በባሕሩ በኩል ያለው ቅጥር ይለቅ አለ። ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ አለቃው ግን ሲሚንቶ ቀላቅሉበት ብሎ አዘዘ። አያ ታከለ «ይኸ ግንብ መተንፈስ አለበት፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ ከድሮው ግንብ ጋርም አይያያዝም» ብሎ ተከራከረ፤ እኔ በተሰባበረ ዕብራይስጤ አስተረጎምሁ። ሰውዬው የአያ ታከለን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ይህዬ ቤሰደር፣ ታከለ፣ ይህዬ ቤሰደር» አለው። ደህና ይሆናል ማለቱ ነው። ሠራነው። ተመረቀ፤ ተጨበጨበ።

ከመጀመሪያው ማዕበል በኋላ ጠዋት ሄድን። እኔ ከቅጥሩ ሥር የቀረ ዕቃ እሰበስባለሁ፤ አያ ታከለ ከአጠገቤ ጆሮውን ለጥፎ ኳ ኳ ያደርጋል። በድንገት ኳኳታው ቆመ። ቀና ብዬ ላየው ስል በሁለት እጁ ደረቴን ብሎ ገፋኝ። በጀርባዬ ተወርውሬ መንገዱ ላይ ወደቅሁ። ሊጣላኝ ነው ብዬ ስናደድ ቅጥሩ መጣ። ጩኸቱን አልረሳውም። አቧራው ገለል ሲል አየሁት፤ ከወገቡ በታች ድንጋይ ነው።

«ደሴ» አለኝ ከዚያ ሥር ሆኖ፣ «እጅህ ደህና ነው?»

እጄ! ግንበኛ ነዋ፤ እሱ እግሩ ተቀጥቅጦ የእኔን እጅ ይጠይቃል። በጥፍሬ ድንጋዩን መጫር ጀመርሁ።

ሕይወቱ ተረፈ፤ እግሩ ግን ከዚያ ወዲያ እግር አልሆነም። ሰበቡ ማዕበል ነው ተባለ፤ አለቃው ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። አያ ታከለ በምርኩዝ ያቭነ ቀረ፤ ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ቅጥሩን አፍርሰን በኖራ እንደገና ሠራነው፤ ዛሬም ቆሟል።

እሱን ልጠይቅ በሄድሁ ቁጥር «አያ ታከለ፣ ያን ቀን እኮ አንተ ባትገፋኝ...» ብዬ እጀምራለሁ። «ተው ደሴ፣ ዜና እንስማ» ይልና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጣሪያ ያስነካዋል። ዜና ከሌለ ማስታወቂያ ይሰማል። እንዲህ እያልን ዓመታቱ አለቁ፤ አንዲት «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳላደርሰው ጡረታ ወጣሁ።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አያ ታከለ ልቡን አመመውና ሆስፒታል ገባ። ሄጄ አየሁት፤ ፊቱ የኖራ ዱቄት መስሏል። ከቀናት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ ተባለ፤ እኔም ነገ ዛሬ ስል ሳልሄድ ሰነበትሁ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ጠዋት ልጄ ኤሊ በሥራ ቀን መጣ። ኤሊ ማለት ትኩሳት ይዞት እንኳ ከሥራ የማይቀር ልጅ ነው። ትንሽ ቆይታ እህቱ አቪቫ ከገዴራ መጣች።

«አባ፣ ከሥራ ሆፌሽ ወስደናል» አለ ኤሊ፤ «ያላ፣ ዛሬ ሽርሽር ነው። ደሴቷን አሳየን፤ የሠራኸውን እንይ።»

ደነገጥሁ። እነዚህ ልጆች በሕይወታቸው አንድ ቀን ስለ ግንብ ጠይቀውኝ አያውቁም! ያለምወርቅን «አንቺስ?» አልኋት። «ጉልበቴን አሞኛል፤ እናንተ ሂዱ» አለች። ትናንት ከሹክ፣ ከገበያ፣ ዘንቢል ሙሉ አትክልት ተሸክማ የመጣች ሴት። ኤሊ ደግሞ «ስልክህን ስጠኝ፣ መኪና ውስጥ ቻርጅ ላድርግልህ» ብሎ ከእጄ ወሰደው።

በዚህ ጊዜ ነገሩ መርዶ መሰለኝ። ወገኖቼ ይገባችኋል። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በድንገት አይነገርም። ሰውዬውን በሰበብ ከቤት ያስወጡታል፤ ስልኩን ይሸሽጉበታል፤ ያበሉታል፤ ከተረዳ በኋላ አይበላማ። እሱ ሲዞር ዘመድ ቤቱን ይሞላል። አገር ቤት ማለዳ ነበር የሚረዳው፤ እዚህ ግን ሰው ከሥራ እስኪወጣ ስለሚጠበቅ ማምሻውን ሆኗል። ይህን ሙያ እኔም ከግንበኝነት ባልተናነሰ አውቀዋለሁ። ስንቱን ሰው እኔ ራሴ አታልዬ ወስጃለሁ! አንዱን የገዴራ ሰው «ፍየል እንግዛ» ብዬ ከእርሻ እርሻ ሳዞረው ውያለሁ፤ እስከ ዛሬ ፍየል ሲያይ ይረግመኛል።

መንገድ ላይ ቁርስ ቤት አቆሙ። ቡሬካስ አዘዙልኝ፤ እንቁላል ጨመሩ። «ብላ እንጂ አባ» ትላለች አቪቫ። አንድ ጉርሻ በዋጥሁ ቁጥር ሁለቱም ያዩኛል። ሳህኑን ገፋሁት።

«አያ ታከለ እንዴት ነው?» አልሁ ድንገት።

ተያዩ። አየኋቸው፤ ተያዩ!

«ቤሰደር ነው አባ» አለ ኤሊ፤ ወዲያው ደግሞ «ቤሰደር፣ ቤሰደር» ጨመረበት።

አንድ ቤሰደር ደህና ነው ማለት ነው። ቤሰደር ሲደጋገም እንኳን ሰው ግንብም አይተርፍም።

ደሴቷ ስንደርስ ባሕሩ ረግቶ ነበር፤ በድንጋዩ መንገድ ተሻገርን። ልጆቹ ፎቶ ያነሳሉ፣ ማማው ላይ ይወጣሉ፣ የድሮ ወታደር ቀስት ይወረውርበት በነበረው ቀዳዳ አጮልቀው ያያሉ። እኔ የማስጎበኝ መስዬ እሄዳለሁ፤ ልቤ ግን ያቭነ ነው። በባሕሩ በኩል ያለው ቅጥር ጋ ስንደርስ ቆምሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ኳኳታው እንዴት እንደቆመ፣ እንዴት እንደገፋኝ፣ ከድንጋዩ ሥር ምን ብሎ እንደጠየቀኝ። እግሩ በሥራ ላይ መጎዳቱን ያውቃሉ እንጂ እንዴት እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

አቪቫ አፏን በእጇ ያዘች። «ረጋ፣ ረጋ» አለች፤ ቆይ ቆይ ማለቷ ነው። «ያኔ እኔ ተወልጃለሁ?»

«አልተወለድሽም።»

«እና እሱ ባይገፋህ...»

ቃሉን ሳትጨርስ ዕንባዋ ወረደ። እኔ ግን ያን ዕንባ ለሌላ ተረጎምሁት። ብድግ ብዬ ኤሊን «ስልኬን አምጣ» አልሁት። እያመነታ ሰጠኝ። አያ ታከለ ጋ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልሁ፤ ዝግ። አያ ታከለ ስልኩን የማይዘጋ ሰው ነው፤ እንዴት እንደሚዘጋ እንኳ አያውቅም።

አቪቫ ዕንባዋን ጠርጋ ከማማው ጀርባ ሄደችና ስልክ አነሳች። በዕብራይስጥ ነው የምታንሾካሹከው፤ ልጆቻችን ዕብራይስጥ የማንሰማ ይመስላቸዋል። «አባ ጠርጥሯል» አለች። «ሰዎቹ ሁሉ መጥተዋል? ... ቤሰደር፣ እያመጣነው ነው።»

በቃ። ቅጥሩን ተደግፌ ቀረሁ። ሞቷል፤ እኔ ነገ ዛሬ ስል ሞቷል! ልጮህ ቃጣኝ። ግን መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እየጠበቁ በልጆች ፊት ባሕሩ ዳር ላይ መፍረስ ነውር ነው። ጥርሴን ነክሼ «ደክሞኛል፣ እንሂድ» አልሁ። መኪናው ውስጥ ኤሊ ዘፈን ከፈተ፤ «አጥፋው!» ብዬ ጮኽሁበትና አጠፋው። ቅርያት መላኪ ገባን።

ሰፈራችን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ጠፍቷል። የያለምወርቅን ወንድም መኪና አየሁ፤ የገዴራውን ባለ ፍየል መኪናም አየሁ። የያቭነ ሰዎችም መጥተዋል። ከደረጃው ጀምሮ ወጥ ወጥ ይሸታል፤ ለለቅሶ ቤት ነው የተሠራው አልሁ በልቤ። በሩን ስከፍተው ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ግን የሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ ቤቱ ሞልቷል። የሚያረዳኝን ሽማግሌ አልጠበቅሁም። ደረቴን ደልቄ ጮኽሁ።

«ወየው! አያ ታከለዋ! አያ ታከለ ወንድሜ!»

«ሃፍ...» ያለ አንድ ድምፅ ተሰማና እንደ ታነቀ ሰው ቆመ። እኔ የት ልስማ! «እኔን ገፍተህ ድንጋዩን ለራስህ ያደረግኸው! በሰው እግር ቆሜ የምሄድ እኔ ነኝ! እነዚህን ልጆች የወለድሃቸው አንተ ነህ፣ እኔማ ያኔ ሞቼ ነበር! አሸዋ ያቀመስኸኝ መምህሬ፣ አንድ ቀን አመሰግንህ ብዬ ስለምን፣ አንድ ቀን፣ ዜና እንስማ እያልህ ከለከልኸኝ! አሁን ለማን ልናገረው!»

ከጨለማው ውስጥ አንዲት አሮጊት «ወይኔ! ወይኔ ልጄን!» ብላ ተቀበለችኝ፤ ሌላዋ ተከተለች፤ አንድ ሽማግሌ «ወንድሜን!» ብሎ ጮኸ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ ለቅሶ ግን ሲጀመር ዝም ማለት እንዴት ይቻላል? ቤቱ በዋይታ ተናወጠ።

በዚህ መካከል መብራቱ በራ።

ግድግዳው ሁሉ ፊኛ ነው። «መልካም ጡረታ አባ» የሚል በዕብራይስጥ የተጻፈ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ወጣቶቹ ኬክ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ አሮጊቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን ይደልቃሉ። ያለምወርቅ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። በመካከላቸው፣ በክብር ወንበር ላይ፣ ምርኩዙን በጉልበቱ መካከል አቁሞ፣ የልደት የወረቀት ቆብ ደፍቶ፣ አያ ታከለ ተቀምጧል።

አሁን ነው በእውነት የጮኽሁት። ሙት አየሁ ብዬ ወደ ኋላዬ ስሸሽ ኤሊ ባይዘኝ ደረጃው ላይ እወድቅ ነበር።

«አባ፣ ሃፍታዓ ነው! ያልጠበቅኸው ድግስ ነው!» ትላለች አቪቫ እያለቀሰች። «ስልኩን እኛ ነን የዘጋንበት፤ ለአንተ እንዳይነግርህ!»

አሮጊቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አንዷ «ታዲያ ማነው የሞተው?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም የሚያየው አያ ታከለን ነው። ሰው በቁሙ የራሱን ለቅሶ ሲሰማ አይተን አናውቅም። አንዳንዱ በልቡ ሟርት ነው እንዳለ ከፊቱ አነበብሁ። እኔም አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

አያ ታከለ የወረቀት ቆቡን አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላዞረም።

«ደሴ» አለኝ።

«አቤት፣ አያ።»

«የቀረህ ነገር አለ?»

«አለ» አልሁ።

«እንግዲያ ተቀመጥና ጨርሰው» አለኝ፤ «የእውነቱ ቀን ሲመጣ አልሰማህም።»